የካርድ ክፍሉ እልፍኝ አስከልካይ

በናይሮቢ ከተማ፣ በኢስሊ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ጠባብ የካርድ ክፍል ነበረች። ከመስኮቷ በስተጀርባ ሦስት የእንጨት ቁም ሣጥኖች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መዝገብና አንድ አዛውንት ይታያሉ። አዛውንቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ከአገራቸው ወጥተው በሞያሌ በኩል ኬንያ የገቡ፣ ቀድሞ በአንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የቁም ሣጥኖቹን ቁልፍ በሲባጎ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። የክሊኒኩ ሐበሾች «እልፍኝ አስከልካይ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ስሙ ለቀልድ ቢወጣም ቦታውን አልሳተም። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ሥርዓት እልፍኝ አስከልካይ ማለት ወደ ንጉሡ እልፍኝ ማን እንዲገባ፣ ማን ደጅ እንዲጠና፣ ማን እንዲመለስ የሚቆጣጠር ባለሟል ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2006 ክሊኒኩ ወረቀቱን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ለመሻገር ወሰነ። ሥራው የተሰጣት ባለሙያ አዲስ አበባ ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ለእንጀራ ፍለጋ ናይሮቢ የገባች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ፣ በሙያዋ የምትተማመን ወጣት ነበረች። ፕሮግራሙን በጃቫ ለመጻፍ መረጠች። ለምርጫዋም በቂ ምክንያት ነበራት። ጃቫ ገና ከጅምሩ፣ ከ1996 አንሥቶ፣ ከሩቅ የመጣን እንግዳ ፕሮግራም በታጠረ ግቢ ውስጥ ብቻ የማሠራት ልማድ ነበረው። በ1998 መጨረሻ የወጣው 1.2 የተባለው እትም ያንን ደፍጣጣ አጥር ወደ ዝርዝር ፈቃድ ለወጠው። ከዚህ ቦታ ለመጣ ፕሮግራም ይህን ፋይል ማንበብ ፍቀድ፣ ለዚያኛው ደግሞ በመረብ መገናኘት ፍቀድ እያለ የሚዘረዝር የደንብ ፋይል ተበጀለት። በ2002 የወጣው 1.4 እትም ደግሞ «ፕሮግራሙ ከየት መጣ?» ከሚለው ጥያቄ ሌላ «የሚጠቀምበት ሰው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን፣ ጃስ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን ክፍል በውስጡ አካተተ። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የሰውን ምሥጢር የሚጠብቅ ቤት ለመሥራት ከዚህ የተሻለ መሠረት አልታያትም።

ሥራውን የጀመረችው እንደ ደንቡ በቃለ መጠይቅ ነው። የክሊኒኩን ሥራ አስኪያጅ፣ ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ የላቦራቶሪውን ባለሙያና የሒሳብ ሹሙን አነጋገረች። ከነገሯት ተነሥታ ሠራተኛውን በየሥራ ድርሻው ከፋፈለችው። ሐኪም ካርድ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ነርስ ካርድ ታነባለች፣ የሰጠችውን መድኃኒት ትጽፋለች፤ ላቦራቶሪ ውጤት ያስገባል፤ ሒሳብ ሹም ክፍያውን እንጂ ሕመሙን አያይም። እያንዳንዱ የሥራ ድርሻ በደንቡ ፋይል ውስጥ የየራሱን ፈቃድ አገኘ። አነጋገሩ አጭር፣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሲያየው ደስ አለው። ቁም ሣጥኖቹ ወደ መጋዘን ተወሰዱ፤ አዛውንቱም ቁልፋቸውን አስረክበው በር ላይ የወረፋ ቁጥር እንዲያድሉ ተመደቡ።

ሦስት ወር ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ወጣት፣ በየወሩ ሳታጓድል መጥታ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ትወስድ የነበረች፣ መምጣት አቆመች። ምክንያቱ ለመታወቅ ብዙ ቀን አልፈጀም። ከክሊኒኩ ነርሶች አንዷ የልጅቷ ወንድም ሚስት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ የምራቷን ስም በኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ካርዱም ተከፈተላት። ያየችውን ለባሏ ነገረች፤ ባሏ ለእናቱ ነገረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በሳምንቱ ወሬው ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ደረሰ። ልጅቷ የምትኖርበትን ክፍል ለቃ ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ ጠፋ።

ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች። ፕሮግራሙ ስሕተት ሠርቶ እንደ ሆነ ቀኑን ሙሉ መረመረች። ስሕተት አልነበረውም። ደንቡ ነርስ ካርድ ታነባለች ይላል፤ ሴትዮዋ ነርስ ናት፤ ካርዱን አነበበች። ይባስ ብሎ ማን መቼ እንዳነበበ የሚያሳይ ዱካ እንኳ አልነበረም። ባለሙያዋ ካርዱን ማን እንደ ለወጠው የሚመዘግብ ዘዴ ሠርታ ነበር፤ ማን እንደ ተመለከተው መመዝገብ ግን ትርፍ ሥራ መስሎ ታይቷት ነበር። የነርሷም ድርጊት የታወቀው ራሷ ስላመነች ብቻ ነው።

ሲመሽ፣ ልትሄድ ስትነሣ፣ አዛውንቱ በር ላይ ጠበቋት። በብብታቸው የድሮውን ትልቅ መዝገብ ይዘዋል። አግዳሚው ላይ አብረው ተቀመጡና መዝገቡን ገለጡላት። በየገጹ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የወሰደው ሰው ስምና ፊርማ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተሰድረዋል። በአንዳንዱ ቁጥር ጎን ቀይ ነጥብ አለ።

«ጋሼ፣ ይህ ቀይ ነጥብ ምንድን ነው?» አለች።

«እሱ የኔ ምልክት ነው፤ ልጄ። አዲስ ሰው ካርድ ሊያወጣ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ‹እዚህ ቤት የሚያውቅህ ሰው አለ ወይ?› እለዋለሁ። አለ ካለኝ ነጥቧን አደርጋታለሁ። ያ የተጠቀሰው ሰው ካርዱን ሲጠይቀኝ ‹ዶክተሩ ዘንድ ነው› እያልሁ እመልሰዋለሁ።»

«የዚህች ልጅስ?»

አዛውንቱ ገጹን ገለጡና በጣታቸው አሳዩዋት። ከቁጥሩ ጎን ቀይ ነጥብ ነበረ።

«ይህን ለምን አልነገሩኝም፤ ጋሼ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። የሆነውን መናገራቸው ነበር። ባለሙያዋ በዚያ ክሊኒክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ስታነጋግር፣ ካርዱን ማን ማየት እንደሚገባው በየቀኑ ሲወስን የኖረውን አንድ ሰው ብቻ ሳታነጋግር አልፋ ነበር። በሥራ ዝርዝራቸው ላይ «ካርድ ያወጣል፣ ካርድ ይመልሳል» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈም። የሥራ ዝርዝር የማያውቀውን ደግሞ ፕሮግራሙም ሊያውቅ አልቻለም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ባለሙያዋ በየማታው እየመጣች አዛውንቱን ትጠይቅ ጀመር። ከመልሳቸውም አራት ነገር ለቀመች። አንደኛ፣ ያልታወቀ ሰው ወይም ያልታወቀ ምክንያት ከመጣ መልሱ «አይሆንም» ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ክልከላ ካለ የፈለገውን ያህል ፈቃድ አይሽረውም፤ ሐኪምም ቢሆን፣ ሥራ አስኪያጅም ቢሆን። ሦስተኛ፣ የተላከ ሰው የላኪውን ያህል አያይም፤ ሐኪሙ ተላላኪ ሲልክ አዛውንቱ ካርዱን በፖስታ አሽገው ይሰጣሉ። አራተኛ፣ ሌሊት ሰው ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲይዘው መላ መኖር አለበት፤ ለዚህም ሁለተኛው ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ተደርጎ፣ በማሸጊያው ላይ ተፈርሞበት፣ በዘበኛው እጅ ይቀመጥ ነበር። ፖስታውን የቀደደ ሰው ጠዋት ስሙንና ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል።

ከነዚህ ነገሮች አብዛኞቹን ባለሙያዋ በትምህርት ቤት ሳለች በሌላ ስም አግኝታቸው ነበር። ጀሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የመረጃ ጥበቃ ሊመራባቸው የሚገቡ መርሖችን ዘርዝረው ነበር። ከነዚያ መካከል መነሻው ክልከላ ይሁን፣ ፈቃድ በማስረጃ ይምጣ የሚል አለበት። እያንዳንዱ ጥያቄ በእያንዳንዱ ጊዜ ይመርመር፣ ለማንም ከሥራው በላይ ሥልጣን አይሰጠው የሚሉም አሉበት። ባለሙያዋ እነዚህን መርሖች ለፈተና ሸምድዳቸው ነበር። አዛውንቱ ጥናቱን አላነበቡም፤ መርሖቹን ግን ኖረውባቸዋል።

እዚህ ላይ የጃቫው የደንብ ፋይል አንድ ጉድለት ገሃድ ወጣ። ፋይሉ የሚያውቀው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ ፍቀድ። ለዚህ ፍቀድ፣ ለዚያ ፍቀድ ይላል እንጂ ለእገሌ ግን ከልክል የሚል ቃል የለውም። ያልተፈቀደ ነገር ሁሉ የተከለከለ በመሆኑ ለብዙ ሥራ ይህ ይበቃል። «ነርሶች ሁሉ ያንብቡ፣ ይህች ነርስ ግን ይህን አንድ ካርድ አታንብብ» ለማለት ግን አይበቃም። በዚያ ላይ ፋይሉ የሚጻፈው በፕሮግራም አዋቂ እጅ ነው፤ ቀይ ነጥቧ ግን በሽተኛው በመስኮቱ በኩል ባንሾካሾከበት ቅጽበት መግባት አለባት።

ቀላሉ መላ በየገጹ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ነበር፤ ካርዱ ሲከፈት ጠይቅ፣ ውጤቱ ሲታተም ጠይቅ፣ ስሙ ሲፈለግ ጠይቅ። ባለሙያዋ ለሁለት ቀን ያህል ይህን ሞከረችና ተወችው። አርባ በር ባለው ቤት ሠላሳ ዘጠኙን ቆልፎ አንዱን መርሳት ሁሉን ክፍት ከመተው አይሻልም። ስለዚህ ጃቫ ራሱ የሚፈቅደውን ከባዱን መንገድ ያዘች። መደበኛውን የደንብ ክፍል አንሥታ በቦታው የራሷን መተካት። በመጀመሪያ «የካርድ ፈቃድ» የሚባል አዲስ የፈቃድ ዓይነት ፈጠረች፤ በውስጡ የካርዱን ቁጥርና ሊደረግ የታሰበውን ድርጊት ይይዛል፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማተም። ቀጥሎ የራሷን ደንብ አስፈጻሚ ጻፈች። ማንኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ካርድ ሊነካ ሲል አስፈጻሚው ይጠየቃል፤ እርሱም ከመረጃ ቋቱ የሥራ ድርሻውን፣ ቀይ ነጥቦቹንና የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃዱን ተመልክቶ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል።

የጃቫ አሠራር በአንድ ነገር ከአዛውንቱ ጋር ቀድሞ ተስማምቶ ተገኘ። አንዱ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ቢጠራ፣ ያም ሌላውን ቢጠራ፣ በመጨረሻ የሚፈቀደው በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ በጋራ ያላቸው ፈቃድ ብቻ ነው። ደካማው ከብርቱው ጀርባ ተከልሎ አይገባም። ብርቱው «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ብሎ በግልጽ ካወጀ ብቻ የጠራው ደካማ ከቁጥር ይወጣል፤ የተላከው ያልታመነ ከሆነ ግን ላኪው ቢታመንም በሩ አይከፈትም። የታሸገው ፖስታ በኮምፒውተር ቋንቋ ይኸው ነበር።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሣ ግን በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ወደቀ። ደንብ አስፈጻሚው ለመወሰን የመረጃ ቋቱን መክፈት አለበት፤ የመረጃ ቋቱን መክፈት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ራሱ አስፈጻሚው ነው። ጠባቂው የፈቃዱን መዝገብ ለማንበብ ከራሱ ፈቃድ እየጠየቀ፣ መልሱን ለመስጠት እንደገና መዝገቡን እየፈለገ፣ ኮምፒውተሩ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ተሽከረከረ። ባለሙያዋ ነገሩን ለአዛውንቱ ስትነግራቸው ሳቁና «የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፈሽበታል» አሏት። መፍትሔውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ለአስፈጻሚው ለራሱ፣ ለዚያች አንዲት መዝገብ ብቻ፣ ያለ ጥያቄ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ለይታ ሰጠችው።

ከሁሉ የከበዳት ግን የዝምድናው ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ማን የማን ምራት፣ ማን የማን አበልጅ እንደ ሆነ በምን ያውቃል? የሠራተኞቹን ዘመዶች ሁሉ ልመዝግብ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ግን እንዲህ ያለው መዝገብ ራሱ ከካርዱ የባሰ ምሥጢር እንደሚሆን ገባት። መልሱን ያገኘችው አዛውንቱ ከሚጠይቁት ጥያቄ ነው። እርሳቸው ዝምድና አልቆጠሩም። ባለ ካርዱን ጠየቁት እንጂ። ስለዚህ የምዝገባው የመጀመሪያ ገጽ የሚከፈተው በዚያው ጥያቄ ሆነ። በሽተኛው የሠራተኞቹን ዝርዝር ያያል፤ እንዳያየው የሚፈልገውን ሰው ይጠቁማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ጥያቄውን በቃል የሚያቀርበው ሰው ማን ይሁን ሲባል አዛውንቱ ከበሩ ተነሥተው ወደ መስኮታቸው ተመለሱ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ባለሙያዋ የተከለከለ ሰው ካርድ ሲጠይቅ «ባለ ካርዱ እንዳያዩ ከልክሏል» የሚል መልእክት ጽፋ ለአዛውንቱ አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ካልሻትማ ነገርሻት» አሉ። ሰውየው እዚህ ካርድ እንዳለው ማወቅ ብቻ ለጎረቤት ወሬ ይበቃል። መልእክቱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የተከለከለ ካርድና ጨርሶ የሌለ ካርድ በአንድ ዓይነት ቃል እንዲመለሱ ሆነ፤ ስሙም በፍለጋ ዝርዝር ውስጥ እንዳይታይ ተደረገ። ለሌሊቱ ችግር ደግሞ የታሸገው ፖስታ በአዲስ መልክ ተሠራ። ተረኛው ሐኪም ምክንያቱን ጽፎ ማናቸውንም ካርድ ለአንድ ሰዓት መክፈት ይችላል፤ ስሙና ምክንያቱ ግን በነጋታው ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ባለ ካርዱም ይነገረዋል። ማን እንዳነበበ የሚመዘግበው ዱካም በዚያው ጊዜ ተጨመረ፤ ለማንም እንዳይጠፋ፣ ለባለሙያዋም ጭምር።

ይህ ሁሉ ለልጅቷ አልደረሰላትም። ባለሙያዋ የልጅቷን ነገር በጠየቀች ቁጥር አዛውንቱ መልስ አይሰጧትም ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ብቻ፣ ሳትጠይቃቸው፣ «መድኃኒቷን ሌላ ቦታ ትወስዳለች» አሏት። የት እንደ ሆነ አልነገሯትም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

ዓመታት አለፉ። የኬንያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚገባቸው ወገን አደረገው። ኢትዮጵያም በ2024 የራሷን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አወጣች። አንድ አዛውንት በመስኮት በኩል በሹክሹክታ ይጠይቁት የነበረው ነገር በሁለት አገሮች የሕግ ቋንቋ ተጻፈ። በአንጻሩ የባለሙያዋ ቤት የቆመበት መሠረት መናድ ጀመረ። የጃቫ ባለቤቶች ያንን ነባር የፈቃድ ጠባቂ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት፣ እርሱን ማደሱ ደግሞ አድካሚ ሆነብን አሉ። በመስከረም 2021 በወጣው 17ኛው እትም ወደፊት እንደሚነሣ አስታወቁ፤ በመጋቢት 2025 በወጣው 24ኛው እትም ደግሞ ለዘለቄታው ሥራውን አቆመ።

ባለሙያዋ አሁን አርባዎቹን እያገባደደች ነው። አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። ክሊኒኩ አዲሱን የጃቫ እትም መጠቀም ሲፈልግ ቤቱን እንደገና እንድትሠራ እርሷን ጠራት። በዚህ ጊዜ ፈቃዱን ለጃቫ መሠረት አልተወችውም። ውሳኔውን የሚሰጥ ራሱን የቻለ አንድ ክፍል ጻፈች፤ ማን ነው፣ ምን ሊያደርግ ነው፣ በየትኛው ካርድ ላይ፣ በምን ሁኔታ ብሎ ይቀበላል፤ ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም ብሎ ይመልሳል፤ ምክንያቱን ለዱካው መዝገብ ብቻ ያስቀራል። የመረጃ ቋቱም በዚህ ክፍል በኩል ካልሆነ በሌላ በር አይከፈትም። ክልከላ ከፈቃድ ጋር ሲጋጭ ክልከላው ያሸንፋል። የመረጃ ቋቱ ቢታመም፣ መብራት ቢቆራረጥ፣ መልሱ «አይፈቀድም» ነው።

ከሥሯ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። ሥራውን በጀመሩበት ቀን አንዱ የሥራ ድርሻዎቹን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ አመጣላት፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ ሒሳብ። ሰንጠረዡ ንጹሕ ነበር። አመሰገነችውና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያም ሁለቱንም ወደ ክሊኒኩ ይዛቸው ሄደች። ዘበኛውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ አሁን በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የምትሠራውን ልጅ በየተራ አስተዋወቀቻቸው፤ ሥራ አስኪያጁን ያነጋገሩት በመጨረሻ ነው።

ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት የተጻፈው የመጀመሪያው ፈተና ዛሬም በፋይሉ አናት ላይ አለ። በፈተናው ውስጥ አንዲት ነርስ አለች፤ ለነርስ የሚገባው ፈቃድ ሁሉ አላት፤ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው፤ የይለፍ ቃሏ ትክክል ነው። የወንድሟ ሚስት ሳትሆን የባሏ እኅት የሆነችን አንዲት በሽተኛ ካርድ ትጠይቃለች። ፈተናው የሚያልፈው ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ካርድ አልተገኘም» ብሎ ሲመልስላት ነው።